«ቀጭ» የምትለው መፍቻ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። አሁን ውጭ አገር በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር፣ ጎማ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ፎቶው ላይ ተገጣጥሞ ያለቀ ጎማ አለ፤ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ረጅም መፍቻ ተጋድማ ትታያለች። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይቺን ያስታውሷታል?» ብሎ ጽፏል።

ማስታወስ ብቻ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችኝን ዕቃ እንዴት እረሳታለሁ? እሱን ወደ በኋላ አወጋችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ራሷ ትንሽ ላጫውታችሁ፤ ብዙ ሰው ስለ ሞተርና ስለ አብራሪ ያወራል እንጂ ስለ እሷ የሚያነሳ የለም።

ስሟ ቶርክ ሬንች ነው። እኛ አገር ጋራዥ ውስጥ ዳዶ የሚይዝ ነገር ሁሉ «መፍቻ» ይባላል፤ እያጠበቅንበትም መፍቻ ነው። ይቺ ግን መፍቻ መባሏ ስድብ ነው። የተጣበቀ ብሎን በሷ ለመፍታት የታገለ ሰው ልኳን ያዛባል፤ ስለዚህ በሷ መፍታት ክልክል ነው። ሥራዋ ማጥበቅ ነው፣ ያውም እስከተነገራት ድረስ ብቻ። እጀታዋን አዙራችሁ የሚፈለገውን ቁጥር ትሞሉባታላችሁ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ፤ ልኩ ላይ ስትደርስ «ቀጭ» ትላለች፣ እጃችሁም ላይ ሸርተት ስትል ይሰማችኋል። በቃ፣ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ያልለመደ ሰው ግን አያቆምም። «ለማንኛውም» ብሎ አንድ ይጨምራል። ያቺ «ለማንኛውም» ናት ስንት ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ያጨቃጨቀችኝ።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ መንገድ ዳር ያለውን ጎሚስታ ይመልከት። የሚኒባስ ጎማ ሲያስር መጀመሪያ በእጁ ያዞራል፤ ከዚያ መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካበታል፤ በመጨረሻም በሁለት እግሩ ይወጣበታል። ልጁን እየናቅኩት አይደለም፣ ባለው ዕቃ ነው የሚሠራው። ግን የብሎኑ ጥብቀት በልጁ ኪሎ፣ በቱቦው ርዝመትና ምሳ በመብላቱ ተወሰነ ማለት ነው። ለሚኒባስ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሁልጊዜ አይሠራም እንጂ፤ ብሎን በጥሶ ያመጣ ሾፌርም፣ ጎማው ወልቆ ቀድሞት የሄደ ሾፌርም አይቻለሁ።

የብሎን ችግር መጀመሪያ የነበረው ሌላ ነበር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እያንዳንዱ ወርክሾፕ በራሱ ልክ ጥርስ ያወጣ ስለነበር የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ወጥ የሆነ የጥርስ ልክ አቀረበና ዳዶና ብሎን ተግባቡ። ምን ያህል ይጥበቅ የሚለው ግን ለባለሙያው ክንድ ተተወ።

የሚገርመው መልሱ ከዚያ ከ160 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ሮበርት ሁክ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ስለ ሞላ ያገኘውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1676 ሰው እንዳይነጥቀው ፊደላቱን ደበላልቆ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍቺውን የሰጠው በ1678 ነው። (የዛሬ ሰው ቢሆን የይለፍ ቃል ያደርገው ነበር።) ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው፦ ሞላን እጥፍ ኃይል ብትስቡት እጥፍ ይለጠጣል፤ ስትለቁት ይመለሳል፤ ከልክ ካሳለፋችሁት ግን አይመለስም።

ክፍል ገብቼ የማስተምረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ብሎን ሞላ ነው» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ነው እኮ! ዳዶውን ስታጠብቁ ብሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ የሚይዘው ዳዶው ሳይሆን ያ ተለጥጦ ልመለስ የሚለው ብሎን ነው። ካልተለጠጠ አይዝም፤ ከልኩ በላይ ከተለጠጠም እንዳረጀ የሱሪ ላስቲክ ሆኖ ይቀራል፣ አይዝም።

ችግሩ መለጠጡን በክንዳችን ማወቅ አለመቻላችን ነው። ዳዶ ስናዞር ከምናወጣው ጉልበት በግምት ግማሹን ከዳዶው ሥር ያለው ሰበቃ ይበላዋል፤ 40 በመቶ የሚሆነውን ጥርሱ ላይ ያለው ሰበቃ ይወስዳል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ቅባት መኖር አለመኖሩ ሁሉን ነገር ይቀይራል። ደረቅ ብሎን ቶሎ «ቀጭ» ያሰኛል፣ ግን አልተለጠጠም። የጥገናው መጽሐፍ የትኛው ቅባት፣ የት የት ይቀባ ብሎ የሚዘረዝረው ለዚህ ነው።

መፍቻዋ የተወለደችው የት መሰላችሁ? አውሮፕላን ጋ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ የውኃ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ኮንራድ ባር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 እንደ ሠራት ይነገራል። ከመሬት በታች የተቀበሩ የውኃና የእንፋሎት ቧንቧዎች ላይ ሠራተኛው ብሎኑን ከልክ በላይ እያጠበቀ አስቸገረው፤ እሱን ለማስቆም ነው ያሰባት። በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከባልደረባው ከጆርጅ ፌፈርሊ ጋር ሆኖ ልኳ የሚስተካከለውን ዓይነት የፈጠራ መብት አስመዘገበባት። ጉድጓድ ውስጥ ለቧንቧ የተፈጠረች ዕቃ ናት ዛሬ የአውሮፕላን ጎማ የምትገጥመው።

አሁን ወደ ጎማው። የመኪና ጎማ በሊቨር እየፈለቀቁ ቸርኬው ላይ ያስገቡታል፤ ጎሚስታው በሁለት ብረት ያደርገዋል። የትልቅ አውሮፕላን ጎማ ግን እንዲህ አይሆንም። በጣም ደረቅ ነው፤ ከንፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ሽቦ አይላወስም። ስለዚህ ጎማውን ከመፈልቀቅ ቸርኬውን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ግማሽ ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ይገባና መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ንፋስ እንዳያስተላልፍ የላስቲክ ቀለበት ይቀመጣል፤ ከዚያ ዙሪያውን በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራሉ። ካላማዳሪ የለውም። የቤት መኪናችሁ ጎማ 30 ፒ ኤስ አይ ገደማ ንፋስ ይይዛል፤ የመንገደኛ ጄት ዋና ጎማ 200 ገደማ ይይዛል። ሁለቱ ግማሾች ሌት ተቀን «እንለያይ» እያሉ ነው። እንዳይለያዩ የሚይዟቸው እነዚያ ብሎኖች ናቸው።

ለዚህ ነው ጎማው የሚነፋው ብረት ቀፎ ውስጥ ተዘግቶ የሆነው። ለዚህም ነው ንፋሱ ተሟጦ ሳይወጣ ብሎን መፍታት ነፍስን መስጠት የሆነው። በዓለም ላይ በዚህ ምክንያት የሞቱ ባለሙያዎች አሉ፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ስለ ቶርክ ከማውራቴ በፊት የምነግረው ይሄንን ነበር።

አጠባበቁም ሥርዓት አለው። በንፋስ የሚሠራውን ማሽን አምጥቶ ድር ድር ማድረግ የለም። ብሎኖቹ በተርታ አይጠብቁም፤ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው፣ እንደ ኮከብ እየተሻገራችሁ። መጀመሪያ በግማሽ ልክ፣ ቀጥሎ በሙሉ ልክ። አንዱ ከላላ ምን ይሆናል? በደንብ የተለጠጠ ብሎን ጎማው ሲሽከረከር የሚመጣውን ጫና ብዙም አይሰማውም፤ ተጣብቀው የተያዙት ብረቶች ይጋሩታል። የላላው ግን በየዙሩ ይጎተታል፣ ይለቀቃል፣ ይጎተታል፣ ይለቀቃል። ሽቦን ወዲያ ወዲህ አጣጥፋችሁ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደሱ ነው። ሲሰበር ደግሞ ሸክሙን ለጎረቤቱ ይተዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ መለኪያው። አሜሪካኖቹ አንዳንዱን በእግር-ፓውንድ፣ አንዳንዱን በኢንች-ፓውንድ ይጽፉታል። ልዩነቱ 12 እጥፍ ነው። መጽሐፉን በችኮላ ያነበበ ሰው ምን እንደሚሠራ አስቡት።

እግረ መንገዴን፣ ጎማ ክፍልን «የማይረባ ቦታ» ለሚሉ ሰዎች የማነሳውን ልጨምር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1986 የሜክሲካና ቦይንግ 727 ከሜክሲኮ ሲቲ ተነሥቶ ወደ ፑርቶ ቫያርታ ሲበር ተራራ ላይ ወደቀ፤ ተሳፍረው የነበሩት 167ቱም ሰዎች አለቁ። ፍሬኑ ይዞ ስለነበር ጎማው በጣም ግሎ ነበር፤ ጎማው ደግሞ በናይትሮጅን ፈንታ በተራ አየር ነበር የተሞላው። ጎማው ታጥፎ ከገባበት ክፍል ውስጥ ፈነዳ፤ የነዳጅ፣ የሃይድሮሊክና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ቆረጠ፤ እሳት ተነሳ። እዚህ ላይ የብሎን ጥፋት የለም። ግን የዚያው ጠረጴዛ፣ የዚያው ሠራተኛ ሥራ ነው። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ።

እንግዲህ የኔ ሌሊት። በ1981 ዓ.ም. ነው፤ ወጣት ነበርኩ፣ የማታ ተረኛ። የት እንደነበር ይቆይ። ሁለት ጎማ ገጥሜ ሦስተኛውን ልጀምር ስል መፍቻዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። አነሳኋት፣ አገላበጥኳት፣ አንድ ጭረት እንኳ የላትም። ብሎን ላይ ሞከርኳት፤ «ቀጭ» አለች። የወደቀች ቶርክ ሬንች ተመርምራ ልኳ ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ እንደማትውል ልቅም አድርጌ አውቃለሁ፤ በፈተና መልሼዋለሁ እኮ! ግን ያን ጊዜ ሌላዋ መፍቻ ምርመራ ላይ ነበረች። ይቺን ካስረከብኩ ሥራው ይቆማል፣ ጠዋት ደግሞ ጎማ ይፈለጋል። ማንም አላየኝም። አራት ጎማ ገጠምኩባት። ፈረምኩ።

በሠራተኛ ሰርቪስ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ያቆየችልኝን እራት አልነካሁም። ተኛሁ፣ ግን ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያቺ «ቀጭ» ትሰማኛለች። መጮኋ ምንም እንደማይነግረኝ ይገባኝ ነበር። ሞላዋ ተዛብቶ ከሆነም በተሳሳተ ልክ «ቀጭ» ትላለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቼ ልብሴን ለበስኩ። ሰርቪስ ስለሌለ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ውሻ እያባረረኝ።

አለቃችንን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ስንት ጎማ?» አሉ። «አራት» አልኩ። «የት የት ናቸው?» ሦስቱ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አራተኛው ወጥቶ ነበር፤ ክሪክ ላይ የቆመ አውሮፕላን ሥር ደርሶ ነበር። ጋሼ ስልኩን አንሥተው አስቆሙት። ከዚያ ዞረው «በል ንፋሱን አውጣና አራቱንም አንተው ፍታቸው» አሉኝ። ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ ሰጡኝ፤ አውሮፕላኑም ዘግይቶ ወጣ።

መፍቻዋ ወደ መለኪያ ክፍል ሄደች። እንዲህ ያሉ መፍቻዎች ከእውነተኛው ልክ 4 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያሳስቱ ይፈቀድላቸዋል። ውጤቷ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደህና ነበረች። ምንም አልሆነችም!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አፌን ዘግቼ ብተኛ ኖሮ ምንም አይደርስም ነበር፣ ማስጠንቀቂያም አይጻፍብኝም ነበር። ይህን ለጋሼ ሳጉረመርም «ማታ ስትፈርም ደህና መሆኗን ታውቅ ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ሌላ አልጨመሩም፤ ሻይ አዘዙልኝ። ማስጠንቀቂያውን ግን ከፋይሌ አላወጡትም።

በኋላ ማስተማር ስጀምር ከአገልግሎት የወጣች አንድ አሮጌ መፍቻ ለክፍል ማሳያ ተሰጠችኝ። ቀይ ምልክት ለጥፌባት በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን አስገምትባት ነበር፦ መጀመሪያ በተራ መፍቻ «ልኩ ይሄ ነው» እስኪሉ ያጠብቃሉ፣ ከዚያ በሷ እንፈትሻለን። ጉልበተኞቹ ሁልጊዜ ያልፉታል። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ልኩ አጠገብ ደረሰች። እንዴት ቻልሽ ስላት «አባቴ ጎሚስታ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ስለ ጎሚስታ የማወራውን ትንሽ አለሰለስኩ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። አጉልቼ አየሁት። ጎማው ያምራል፣ ብሎኖቹም ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። የመፍቻዋ እጀታ ግን የሞላባት ቁጥር ላይ እንደቆመ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ሞላዋ እንዲያርፍ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መመለስ ነበረባት። «አስታወስኳት ልጄ፤ አንተ ግን ሳትመልሳት ነው ፎቶ የተነሣኸው» ብዬ ጻፍኩለት።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ። ያቺው መፍቻ፣ እጀታዋ ታች ድረስ ተመልሶ፣ ሣጥኗ ውስጥ ተኝታለች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሻይ ሰዓት ደርሶ ነው» ይላል።

የዚያን ዘመን ተማሪዎቼ፣ ቀይ ምልክት ካለባት መፍቻ ጋር የተነሣችሁት ፎቶ ያላችሁ ከታች ለጥፉልኝ። የጎሚስታው ልጅም ይህን ካነበብሽ የት እንዳለሽ ጻፊልኝ።