ለእኅቱ ያስቀራት ጥቂት ገንዘብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ ያለውን ሁሉ ትቶ በረሃ እንደ ገባ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ጥር 22 ቀን በዓለ ዕረፍቱን ስናከብርም ይኸው ይነገረናል። ነገር ግን በአካል ያወቀው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈውን ገድሉን በዝግታ ላነበበ ሰው፣ ያ «ሁሉ» በአንድ ቀን እንዳልተተወ ይገለጥለታል።

እንጦንስ እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ በግብፅ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። ዕድሜው ወደ ሃያ ሲጠጋ ወላጆቹ ዐርፈው ከታናሽ እኅቱ ጋር ቀረ። የወረሰው መሬት 300 አሩራ ነበር፤ በዛሬው ልኬት 80 ሄክታር ያህል፣ በቀድሞው የሀገራችን አነጋገር ሁለት ጋሻ መሆኑ ነው። ያውም ለም መሬት።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደ ተከተሉት እያሰበ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የሚነበበው ጌታ ባለጸጋውን ወጣት ሀብቱን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ የነገረበት የወንጌል ክፍል ነበር (ማቴ. 19፥21)። ለእርሱ የተነበበ ያህል ተሰማው። ወዲያው ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቤቱንም ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፈለ። ለእኅቱ ግን ጥቂት አስቀረ።

እዚህ ላይ እንቁም። ማን ይወቅሰዋል? እናትና አባት ለሌላት ልጅ ስንቅ ማስቀመጥ ፍቅር እንጂ ስስት አይደለም። ሁለት ጋሻ መሬት የሰጠ እጅ ያቺን ጥቂት ይዞ ቢቀር ሰው ሁሉ ያመሰግነው ነበር። ይሁን እንጂ ዳግመኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ስለ ነገ አትጨነቁ የሚለው የጌታ ቃል ሲነበብ ሰማ (ማቴ. 6፥34)። ያን ጊዜ የቀረችውንም ሰጠ።

እኔ ወንጌል ሲነበብ ጧፍ ይዤ አጠገብ የቆምኩባቸው ቅዳሴዎች ብዙ ናቸው። ሐሳቤ ስንት ጊዜ በማግሥቱ ፈተና ላይ እንደ ነበረ ግን ራሴ ዐውቃለሁ።

እኅቱንስ ሜዳ ላይ ጣላት? አልጣላትም። ለሚያውቃቸው ታማኝ ደናግል አደራ ሰጣት። ከብዙ ዘመን በኋላ እንጦንስ ሸምግሎ ሲያገኛት፣ እርሷም በድንግልና አርጅታ የሌሎች ደናግል መሪ ሆና ነበር፤ እጅግም ደስ አለው። ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችን እናትን የመጦር፣ ወንድምን የማስተማር ሸክም ሲከብደን «ዓለምን ልተው» ማለት ስለሚቀናን ነው። እንጦንስ የተወው ገንዘቡንና ስለ ነገ መጨነቁን ነው፤ እኅቱን አይደለም።

ከዚያም በአሮጌ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ311 ገደማ በቄሣር ማክሲሚኖስ ዘመን ስደት ሲነሣ ግን የሚወደውን ብቸኝነት ትቶ እስክንድርያ ወረደ፤ በማዕድን ጉድጓድና በወኅኒ ያሉትን ምእመናን አገለገለ። ዳኛው መነኮሳት በችሎት እንዳይታዩ ባዘዘ ጊዜ ሌሎቹ ሲሸሸጉ፣ እርሱ ልብሱን አጥቦ በማግሥቱ ዳኛው በሚያየው ስፍራ ቆመ። ሰማዕትነትን ተመኝቶ ነበር፤ አልተሰጠውም። ለእኔ ከመሬቱ ይልቅ ይህ የከበደ ይመስለኛል፤ ቅዱስ የሆነ ምኞትን ለእግዚአብሔር ፈቃድ አስረክቦ በሕይወት ወደ በዓቱ መመለስ።

ዝናው በወጣ ጊዜም ወደ ቀይ ባሕር አቅራቢያ ወዳለው ተራራ ሸሸ። እንጀራ ለሚያመጡለት ሸክም እንዳይሆን እህሉን ራሱ ዘራ። የቤተ ክርስቲያናችን መነኮሳት የምንኩስና ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ የሚነሡት ከዚህ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ356፣ በ105 ዓመቱ፣ የሚያርፍበት ጊዜ ደረሰ። ግብፃውያን የከበሩ ሰዎችን አስከሬን በቤታቸው የማኖር ልማድ ነበራቸውና፣ ሥጋውን በስውር እንዲቀብሩ ሁለቱን ደቀ መዛሙርቱን አዘዛቸው። ርስቱንም አከፋፈለ። አንድ የበግ ለምድ ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፒዮን፣ የጠጉር ልብሱ ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት፣ ሌላው ለምድና የሚተኛበት መጎናጸፊያ ለአትናቴዎስ። መጎናጸፊያውን ቀድሞ አዲስ ሳለ የሰጠው ራሱ አትናቴዎስ ነበር፤ አርጅቶ ተመለሰለት። የተቀበሉትም እንደ ትልቅ ሀብት ጠበቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።