ጃኬቱ ይሸጥ፤ ስሙስ?

በአሜሪካ አገር አሮጌ ልብስ በሚሸጥባቸው ሱቆች አንዳንድ ጊዜ ለየት ያለ ጃኬት ተሰቅሎ ይገኛል። ጀርባው ላይ የአንድ የሙዚቃ ጓድ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ደረቱ ላይ ደግሞ የአንድ ልጅ ስም በክር ተጠልፏል። ከእጅጌው ጫፍ ላይ ዋጋው በቁራጭ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ልጁ ማን ነው? ለምን ሸጠው? ወይስ ሻጩ ሌላ ሰው ነው? ነገሩ ሲያዩት የጨርቅ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ለምን እንዲህ እንደምል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች ድራም ኮር የሚሉት የከበሮና የጡሩምባ ጓድ ነው። የእኛን የማርሽ ባንድ ይመስላል፤ ግን ዋሽንትና ክላርኔት የለበትም፣ ዋነኞቹ ነሐስና ከበሮ ናቸው። ሥሩ ከወታደር ቤት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1919 አሜሪካን ሌጅን የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎቹ የራሳቸውን ጓድ እያሰለፉ ይወዳደሩ ጀመር። የሚነፉትም ጡሩምባ ከሠራዊቱ የተረፈ ነበር። ቀጥሎም የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት፣ የስካውት ማኅበራትና የየሰፈሩ ክበቦች ለልጆች ጓድ አቋቋሙ። በኒውጀርሲ፣ በቺካጎ፣ በቦስተን አካባቢ አባቱ ፋብሪካ የሚውል ልጅ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ከበሮ ያዘ። በ1971 ጓዶቹ ራሳቸው ተሰባስበው ከወታደር ማኅበራቱ ቁጥጥር የወጣ የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። በ1972 የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ሻምፒዮና በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር፣ ዋይትዋተር በተባለች ትንሽ ከተማ አደረጉ።

የልጆቹን ኑሮ ላየ ሰው የጃኬቱ ነገር ይገባዋል። ክረምቱን ሙሉ ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛሉ፤ በየትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ቆመው አንዲቱን እርምጃ መቶ ጊዜ ይደጋግማሉ። አንዱ ሲያጠፋ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ዕድሜ ይመጣል፤ 21 ወይም 22 ዓመት የሞላው ልጅ የመጨረሻውን ሰልፍ ሠርቶ፣ አልቅሶ፣ ይሰናበታል። የሰልፍ ዩኒፎርሙ የጓዱ ንብረት ስለሆነ ይመልሰዋል። ጃኬቱን ግን በገዛ ገንዘቡ ያሠራው ነውና ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። የተጻፈ ሕግ ባይኖርም አንድ ልማድ አለ፦ ያልተሰለፈ አይለብሰውም።

ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን፣ «ይሄማ ነውር ነው! በላብ የተገኘ ነገር በገንዘብ አይለወጥም። ዛሬ የገዛው ሰው ነገ ለብሶት ‹እኔም ተሰልፌአለሁ› ቢልስ?» ይላል። ሌላኛው ደግሞ፣ «ምን ቸገራችሁ? በገንዘቡ የገዛው ጨርቅ ነው። የቤት ኪራይ ሲያጥረው እናንተ ትከፍሉለታላችሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ በበኩሌ የሁለተኛውን ወገን ንግግር በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ከመካከላችን አባቱ ካፖርቱን፣ እናቱ ጌጧን ሸጣ ያላስተማረችው ስንቱ ነው? ክብር በሆድ ላይ አይለበስም።

ታሪኩን ስናገላብጥ ደግሞ ጓዶቹ ራሳቸው የቆሙት በአሮጌ ዕቃ ንግድ ላይ መሆኑን እናገኛለን። ጡሩምባው ከሠራዊቱ የተረፈ ነበር አልን። ሀብታሙ ጓድ አዲስ ዩኒፎርም ሲያሰፋ አሮጌውን ለድሃው ጓድ ይሸጥ ነበር፤ ድሃው ጓድም ምልክቱን ቀይሮ ይሰለፍበታል። ዛሬም ቢሆን ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ ለትምህርት ቤቶች እየተሸጠ የሚቀጥለው ክረምት ወጪ ይደጎምበታል። እንግዲህ መሸጥ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች በምን ይሰለፉ ነበር?

ታዲያ ጃኬቱን ምን ለየው? ስሙ ነው። ዩኒፎርም ስም የለውም፤ ዘንድሮ አንዱ፣ ከርሞ ሌላው ይለብሰዋል። ጃኬቱ ግን፣ «እገሌ የተባለ ልጅ እዚህ ነበር» ብሎ የሚመሰክር ነው። በተለይ ከ1970ዎቹ ወዲህ የአውቶቡሱ፣ የነዳጁና የጉዞው ወጪ እየከበደ ሲሄድ በመቶ የሚቆጠሩ ጓዶች አንድ በአንድ ፈረሱ። ቦስተን አጠገብ ሪቪር በምትባል ከተማ የነበረው ዝነኛው 27ኛ ላንሰርስ እንኳ በ1986 ተበተነ። የፈረሰ የሰፈር ጓድ ቤተ መዛግብት የለውም። ዋንጫው ከአንዱ ምድር ቤት፣ ዩኒፎርሙ ከሌላው ጓዳ ይቀራል። የጄኔራሎች ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ ታሪክ ግን በጃኬቱ ደረት ላይ በክር ተጽፎ ቀርቷል። ሻጭ ጠልፉን ፈትቶ፣ «ንጹሕ ጃኬት» ብሎ ሲያቀርበው የሚጠፋው ክር አይደለም። ሰነድ ነው።

ይህ ጥያቄ በጃኬት አልተጀመረም፤ የኒሻንና የሜዳይ ታሪክ ቀድሞታል። የአሜሪካ ሕግ ከሁሉ የሚበልጠውን የጀግና ሜዳይ፣ ሜዳል ኦቭ ኦነርን፣ መሸጥም መግዛትም ይከለክላል። የእንግሊዝ ሕግ ግን ቪክቶሪያ ክሮስን ለባለቤቱ ትቶታል፤ ስለዚህ በየጊዜው በጨረታ ይሸጣል፤ ከሁለት መቶ በላይ የሰበሰቡ ባለጸጋም አሉ። የስፖርት ሜዳዮችም እንዲሁ። የፖላንዷ ዋናተኛ ኦቲሊያ የንድዤይቻክ በ2004 አቴንስ ላይ ያገኘችውን ወርቅ ሸጣ ገንዘቡን የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ሰጠች። ቦክሰኛው ቭላዲሚር ክሊችኮም የ1996 ወርቁን በ2012 በ1 ሚሊዮን ዶላር ለበጎ አድራጎት ሲሸጠው ገዢው ከፍሎ ሲያበቃ ሜዳዩን መልሶ ሰጠው። እነዚህን ማን ይነቅፋል?

ሌላውን ደግሞ ተመልከቱ። ጄሲ ኦወንስ በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ አገኘ። አገሩ ሲመለስ ግን ጥቁር ነውና ጭብጨባው እንጀራ አልሆነለትም፤ ገንዘብ ለማግኘት ከፈረስ ጋር እስከ መሽቀዳደም ደረሰ። ከአራቱ ወርቆች አንዱን ለወዳጁ ለተወዛዋዡ ለቢል ሮቢንሰን ሰጥቶት ነበር። ኦወንስ በ1980 ሞተ። በ2013 ያ ሜዳይ ከሮቢንሰን ባለቤት ውርስ ወጥቶ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሰውዬው ከፈረስ ጋር ሲሮጥ ይህ ገንዘብ የት ነበር? ስለዚህ፣ «ክብሩን ሸጠ» ብለን የተቸገረን ሰው ከመውቀሳችን በፊት፣ ክብር ሰጥቶ ዳቦ የነሣው ማን እንደሆነ ብንጠይቅ ይሻላል።

የስምን ጉዳይ ግን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየን ከገዛ አገራችን ጋር የተያያዘ አንድ ሜዳይ ነው። እንግሊዞች በ1868 መቅደላን ከወጉ በኋላ ለዘመቱት ወታደሮች የአቢሲኒያ ጦርነት ሜዳይ አሠሩ። ከጀርባው መካከል የተሸላሚው ስም ፊደሉ ወጣ ወጣ ብሎ ተቀርጿል፤ ተራ ወታደር ሳይቀር ስሙ ተጽፎለታል። ይህ ሜዳይ ዛሬ በጨረታ ሲቀርብ ገዢው ስሙን አንብቦ ከየትኛው ክፍለ ጦር እንደነበረ ያጣራል። ስሙ የተፋቀ ከሆነ ዋጋው ይወድቃል። ገበያው እንኳ ስም ዋጋ እንዳለው ያውቃል ማለት ነው።

እነዚያው ወታደሮች ግን ከመቅደላ የዘረፉትን መስቀል፣ ጽዋ፣ ብራናና ልብስ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሐራጅ አውጥተው ሸጡት፤ የተገኘውን 5 ሺህ ፓውንድ ያህልም ተከፋፈሉት። ያንን መስቀል የያዘው ካህን ማን ነበር? ያንን ጋሻ ያነገተውስ? የአብዛኞቹ ስም አልተመዘገበም። የዘማቹ ስም በብር ተቀረጸ፤ የተዘረፈው ሰው ስም በሐራጅ ጠፋ። በ2021 ከመቅደላ የሄዱ ጥቂት ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃውሞ ሽያጩ ቀረ፤ በዚያው ዓመትም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያንን ሽያጭ ከጃኬት ሻጩ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው። ልጁ የራሱን ሸጠ፤ እነሱ የሌላውን።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የሚያስነውረው መሸጡ አይደለም፤ የማን እንደሆነና በምን ዓይነት እንደሚሸጥ ነው። የለፋበት ሰው ቸግሮት የሸጠ እንደሆነ ልንወቅሰው አይገባም፤ ለሕፃናት ብሎ የሸጠ እንደሆነ እናመስግነው። ወራሽ የሆነ ደግሞ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ባለስሙን ወይም አብረውት የተሰለፉትን ፈልጎ ይጠይቅ። ከመካከላቸው አንዱ ያንን ጃኬት ሲፈልግ ኖሮ ይሆናል። 27ኛ ላንሰርስ ከተበተነ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ የቀድሞ አባላቱ ተጠራርተው ቦስተን አካባቢ እንደገና ተሰልፈዋል፤ ጓድ ይፈርሳል እንጂ ሰዉ አይፈርስም። ገዢውም ቢሆን ይግዛ፣ ይጠብቀው፤ ያልሄደበትን መንገድ ግን ሄድኩ አይበል። የሰረቀና የዘረፈ ግን ሻጭ ሊባል አይገባውም፤ ይመልስ።

ከሁሉም በላይ ግን ማንም ቢሆን ጠልፉን አይፍታ። ጨርቁ ይሸጥ፣ ይለወጥ፣ ብርድም ያስጥል፤ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ስሙ ግን እንደተጻፈ ይቆይ። ያ ልጅ አንድ ክረምት ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ ያገኘው እሱን ነው።