የባሮ መርከብና የከተማ ባቡር፤ የሥራቸው ፍሬ በምን ይለካል?

አንድ መጓጓዣ ሥራውን በሚገባ መፈጸሙ በምን ይታወቃል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙው ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የተገዛውን መሣሪያ ግዙፍነትና የወጣበትን ገንዘብ ነው። ሎንዶን የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር ያስኬደችው በ1855 ዓ.ም. ሲሆን፥ ታላላቆቹ ከተሞች አንዱ የሌላውን ሥራ ከራሱ ጋር በአንድ ሚዛን ለመመዘን የተሰባሰቡት ከ130 ዓመት በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. ገደማ በርሊን፥ ሆንግ ኮንግ፥ ሎንዶን፥ ኒው ዮርክና ፓሪስ ይህን ጀመሩ። ችግሩም ወዲያው ታየ፤ አንዱ የተሳፋሪውን ብዛት ይቆጥራል፥ ሌላው የተጓዘበትን ርቀት። ሺህ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ማድረስና መቶ ሰው አሥር ኪሎ ሜትር ማድረስ በሒሳብ መዝገብ ላይ እኩል ይውላሉ፤ በጣቢያው በር ላይ ያለው ግፊያ ግን እኩል አይደለም።

ይህ ጭንቀት ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ ፈቀዱ። ከዚያም ወዲህ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጋምቤላ እየደረሱ ጨውና ጨርቅ አራገፉ፤ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭነው ተመለሱ። የመቱና የጎሬ አውራጃ ቡናም ወደ ውጭ አገር ገበያ የሚወጣበት በር ይህ ሆነ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ በጎሬ መጋዘን ከፍተው ነበር።

አሁን ሚዛኑን እናንሣ። መርከቡ በሚጓዝበት ወራት ብቻ ቢመዘን፥ እጅግ የሚመሰገን ነበር፤ በአንድ ጉዞ የሚያነሣውን ጭነት ለማውረድ ስንት የበቅሎ ጓዝ እንደሚያስፈልግ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ባሮ መርከብ የሚያስኬደው ክረምት ገብቶ ውኃው ሲሞላ ነው፤ በበጋ ይጎድላል። ቡናው ደግሞ የሚለቀመውና የሚደርቀው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው! ስለዚህ ነጋዴው በበጋ ቡናውን በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ያወርዳል፤ እዚያም እስኪመጣ ክረምት ድረስ ያከማቻል። ገንዘቡም አብሮ ታስሮ ይከርማል። መርከቡ ፈጣን፥ መንገዱ ግን ዘገምተኛ ሆነ ማለት ነው።

በዚህም ላይ ቁልቁለቱ አለ። ጎሬ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቡሬ በኩል የሚወርደው ሲራራ ከደጋ አየር ወደ ቆላ ሙቀትና ወደ ወባ ይገባል፤ በድካምም በበሽታም የሚቀረው ከብት ዋጋ በመርከቡ መዝገብ ላይ አይጻፍም ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ የጠቅላላው መንገድ ብርታት የሚለካው በመርከቡ ሳይሆን በደከመው በቅሎ ነው።

ጋምቤላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። የመኪና መንገድ እየተስፋፋ ሲሄድም የኢሉባቦር ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ፤ የመርከቡም ሥራ እየቀዘቀዘ ሄደ። የካቢኔ ጭነት መኪና በአንድ ጊዜ ከመርከቡ ያነሰ ቢይዝም፥ የወንዙን መሙላት አይጠብቅም።

ታሪኩን ለአዲስ አበባ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማይቱ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰሜን ደቡብ መሥመር ሥራ ጀመረ፤ የምሥራቅ ምዕራቡም በጥቅምት ወር ተከተለ። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ፥ 39 ጣቢያና 41 ባቡሮች ነበሩት። ዋጋው ለድኻው እንዲመች ዝቅ ተደርጎ ስለ ተወሰነ ገቢው ወጪውን አልሸፈነም፤ ይህን ብቻ አይቶ ሥራውን ፍሬ ቢስ ማለት ግን የተሳፋሪውን ጥቅም ከሒሳቡ ማውጣት ይሆናል። ከበደ የሚባለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ቆመዋል። በግዢ መዝገብ ላይ 41 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ሲሆን፥ የጎሬ ነጋዴ የውኃውን መሙላት በወራት እንደ ቆጠረ ሁሉ፥ ተሳፋሪው ደግሞ በጣቢያው ላይ ቀጣዩን ባቡር በደቂቃ ሲቆጥር ይታያል።