የፎገራ ሩዝ እና የፎገራ ላም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲቃረብ ሜዳውን ሩዝ ለብሶ ሲያየው የጥንት የአገሩ ሰብል ይመስለዋል። አይደለም። ፎገራ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉማራና ርብ ሞልተው የሚተኙበት የጣና ዳር ሜዳ ነው። አብዛኛው እህል ውሃ ሲተኛበት ስለሚበሰብስ ሜዳው በብዛት የከብት ነበር። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው።

ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ጅግና በተባለው የገበሬዎች ማኅበር ተሞከረ። የማኅበሩ ዘመን ቢያልፍም ዘሩ ቀረ፤ ዛሬም አንዱ ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ገበሬው ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው፣ ገለባውን ለከብቱ ሰጠ። ጎርፉ የሚያመጣው ደለል መሬቱን ስለሚያፋፋው መጀመሪያ ላይ ማዳበሪያ እምብዛም አላስፈለገውም። ጎርፍና ገበሬ እንዲህ የተስማሙበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

በ2000 ዓ.ም. የዓለም የእህል ዋጋ ናረ። ሕንድና ቬትናም ሩዛቸውን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደቡ። በዚያው ሰሞን ሩዝ በኢትዮጵያ «የሚሊኒየሙ ሰብል» ተባለ፤ ኋላም ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ርምጃው ተገቢ ነበር። ስሕተቱ መለኪያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ ከሄክታር ስንት ኩንታል? ግጦሹ ታረሰ፣ ረግረጉ ጠበበ። የፎገራ ላምን ዝርያ የማትረፉ ሥራ በባሕር ዳር አቅራቢያ ላለው ለአንዳሳ የምርምር ማዕከል ተተወ።

ረግረጉ ለጣና ወንፊት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ ሐይቁ ላይ ታየ። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳና ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው። (የባሕር ዳር ፍሳሽ እያለ ጣት ሁሉ ገበሬው ላይ መቀሰሩ ፍርደ ገምድልነት ነው።)

ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት መጣ። ማዳበሪያዋን ከውጭ ለምትገዛ አገር ዋጋው እሳት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ያጡ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኹ።

«ወደ ኮምፖስት እንመለስ» የሚሉ አልጠፉም። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከልክላ የሩዝ ምርቷ ሲያሽቆለቁል በወራት ውስጥ ውሳኔዋን አጥፋለች። ፎገራ ላይ ደግሞ ችግሩ ከዚያም ይቀድማል። ኮምፖስት ፍግ ይፈልጋል፣ ፍግ ከብት፣ ከብት ግጦሽ። ግጦሹ ሩዝ ሆኗል። ከቀሩት ከብቶች የሚገኘው ፍግም ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል።