«ይቋረጣል ብዬ አልጀምርም» ለምትሉ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ነገር እሰማለሁ፦ «ተከታታይ ድራማ ሳያልቅ አልጀምርም። ስፖንሰር ሲያጣ መሀል ላይ ይቀራል፤ ልቤን አንጠልጥሎ ይተወኛል።» እውነት ነው፣ ይቀራል። ግን እስኪ አንዴ ፋሲል ግቢ ድረስ አብረን እንሂድ።

ታላቁ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 ከተገደሉ በኋላ የጎንደር ዙፋን ዕረፍት አጣ። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ሁለት ዓመት እንደነገሡ እሳቸውም ተገደሉ። ቴዎፍሎስ ሦስት ዓመት፣ ዮስጦስ አምስት ዓመት ቆዩ። በ1716 ተራው የሌላው የኢያሱ ልጅ፣ የዳዊት ሆነ። ዙፋኑ ሰው እንደማያበረክት ዳዊት አሳምረው ያውቃሉ። ታዲያ ምን ቢያሠሩ ጥሩ ነው? የዘፈን ቤት! ምሽግ አይደለም፣ ግምጃ ቤትም አይደለም፤ አዝማሪ የሚጫወትበት፣ ሰው የሚሰማበት አዳራሽ።

በ1721 ዳዊት በመርዝ ሞቱ። ጠቅላላው አምስት ዓመት ነው። በዛሬ አነጋገር ምዕራፍ አንድ ላይ ተቋረጠባቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ወንድማቸው በካፋ ሲነግሡ «ዳዊት ምን ተጠቀመና» ብለው አልተቀመጡም፤ እሳቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ትልቅ የግብር አዳራሽ አሠሩ። የዘፈን ቤቱ ጣሪያ ዛሬ የለም። ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ዳዊትንም ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በዘፈናቸው ነው።

እኛም እኮ እንዲሁ ነን። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ ደባርቅና ዳባት ላይ መብራት ድርግም የሚልበት ምሽት ይኖራል። ያመለጠው ሰው በማግስቱ ቡና ላይ ጎረቤቱን «አስናቀ ደግሞ ምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤትም የራሱን ጨምሮ ይተርካል። የድራማው ግማሽ ደስታ ይኸው ነበር፤ መጨረሻውን አብሮ መገመት፣ መከራከር፣ መሳቅ። አልቆ ሲታይ ይሄ ሁሉ የለም፤ ብቻህን ሁለት ሌሊት ታየዋለህ፣ አለቀ።

የተቋረጠ ድራማ ያየነውን አይወስድብንም። የሚወስድብን ያላየነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚጀምር ካለ ጀምሩት፤ ብቻ ከሰው ጋር እዩት።

እስኪ ንገሩኝ፦ መሀል ላይ ቀርቶባችሁ እስካሁን መጨረሻውን የምትገምቱለት ድራማ የትኛው ነው?