የፖርቱጋል ድልድይ ስለሚባለው የራስ ዳርጌ ሥራ

ከመርሐቤቴ ማዶ፥ በሰላሌ፥ በደብረ ሊባኖስ ገዳም አቅራቢያ፥ በገደሉ አፋፍ ላይ በድንጋይና በኖራ የታነጸ የእግረኛ ድልድይ አለ። ከሥሩ የሚወርደው ውሃ በመጨረሻ ከጀማ ይገባል። ሰዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል፤ ኖራውም በሰጎን ዕንቍላል የተለወሰ ነው እየተባለ ይተረካል።

ስሙ ግን ሲመረመር አይጸናም። የፖርቱጋል መልክተኞች ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን መቈየታቸው፥ ቄሱ አልቫሬዝም ስለዚህ ገዳም መጻፉ እውነት ነው። ሆኖም ገዳሙ በ1523 ዓ.ም. በግራኝ ሠራዊት ተቃጠለ፤ ኋላ የመጡት ኢየሱሳውያንም ሕንጻቸውን ያቆሙት በአብዛኛው በጣና ዙሪያ ነው። ዐባይን በዓለታ የተሻገረው የኖራ ድልድይ የተሠራው በ1618 ዓ.ም.፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የዚያ ዝና ወደ ሸዋ ተሻግሮ ለዚህኛው ስም የሆነ ይመስለኛል።

የሰላሌውን ያሠሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፥ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፥ ራስ ዳርጌ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ከሕፃኑ ምኒልክ ጋራ በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወስደው ነበር፤ ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው።

በክረምት ጀማና ወንጭት ሲሞሉ መርሐቤቴ በሁለቱ መካከል ተከብቦ ይከርም ነበር። እንዲህ ባለ አገር ድልድይ ያሠራ መስፍን ስሙ ሊዘነጋ አይገባም ነበር፤ ነገር ግን ኖራ የነካው ሁሉ የፈረንጅ ነው ማለት ልማድ ሆነና፥ የራስ ዳርጌ ሥራ ከ3 መቶ ዓመት በፊት ለነበሩ እንግዶች ተሰጠ። ወደ ገዳሙ የሚሄደው መንገደኛም ዛሬ የሚጠይቀው በዚያው ስም ነው።