የሰሜኑ ጦርነትና ዓለም አቀፉ ምላሽ፦ በበየዳ፣ በደባርቅና በዳባት ለተፈናቀሉና ለተሰደዱ ሰዎች ያስገኘው ውጤት

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ዕዝ ላይ በተፈጸመው ጥቃት የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመ ስምምነት እንዲቆም ተወሰነ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ የሰጠው ምላሽ አንድ ወጥ አልነበረም። ሽምግልናው፣ የዕርዳታ ሥራውና የሰብዓዊ መብት ምርመራው በየራሳቸው ተቋማት፣ በየራሳቸው ሕግና ፍጥነት ተጉዘዋል። በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅ፣ በዳባትና በበየዳ ወረዳዎች የሚኖር ወይም ከእነዚህ ወረዳዎች የተፈናቀለ ሰው መብቱን የት እንደሚጠይቅ ለማወቅ ይህን ልዩነት መረዳት ይኖርበታል።

የአካባቢው አቀማመጥ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ በዛሪማ፣ በአዲአርቃይና በማይ ጸብሪ በኩል ተከዜን ይሻገርና ሽሬ ይደርሳል። ራስ ዳሽን የሚገኝበት የበየዳ ወረዳ ግን ከዚህ ዋና መንገድ ወደ ምሥራቅ ርቆ በከፍታው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ወደ ድል ይብዛ ከተማ የሚሄድ እህልም ሆነ መድኃኒት በቅድሚያ ደባርቅ መድረስ አለበት። ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ መስመር ላይ ያለው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ፣ መንገዱ የዕርዳታ መተላለፊያ መሆኑ አከተመ። ብዙም ሳይቆይ ውጊያው ወደ ሰሜን ጎንደር ገባ። ከጠለምት፣ ከአዲአርቃይና ከበየዳ የተፈናቀሉ ሰዎችም ሊማሊሞን ወጥተው ወይም ተራራውን አቋርጠው ደባርቅ ገቡ፤ በትምህርት ቤቶችና በነዋሪዎች ቤት ተጠለሉ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና በርካታ ሲቪሎች ተገደሉ።

የሽምግልናው ሂደት

ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ የወቅቱ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ ሦስት የቀድሞ መሪዎችን ልዩ መልእክተኛ አድርገው ሰየሙ፤ እነርሱም የሞዛምቢኩ ጆአኪም ቺሳኖ፣ የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና የደቡብ አፍሪካው ካሌማ ሞትላንቴ ነበሩ። ተልእኳቸው ፍሬ አላፈራም። ነሐሴ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ኅብረቱ የቀድሞውን የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆን የአፍሪካ ቀንድ ከፍተኛ ተወካይ አድርጎ ሾመ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያውን ግልጽ ስብሰባ ያካሄደው ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ድልድዩ በፈረሰ በማግሥቱ መሆኑ ነው። ምክር ቤቱ ማዕቀብ አልጣለም። በአንጻሩ ዩናይትድ ስቴትስ በራሷ ውሳኔ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጥታለች።

በመጨረሻ ውጤት ያስገኘው በአፍሪካ ኅብረት የተመራው ድርድር ነው። ከጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሪቶሪያ በተካሄደው ንግግር ኦባሳንጆ፣ የቀድሞው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ አሸማገሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት፣ ኢጋድና ዩናይትድ ስቴትስ በታዛቢነት ተገኙ። ስምምነቱን ሬድዋን ሁሴንና ጌታቸው ረዳ ፈረሙ። ኅዳር 3 ቀን በናይሮቢ የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች የማስፈጸሚያውን ሰነድ አጸደቁ።

ለተፈናቃይ ዜጋ ከስምምነቱ አንቀጾች መካከል ልዩ ትርጉም ያለው አንቀጽ 5 ነው። አንቀጹ የሰብዓዊ ዕርዳታ ተደራሽነትን ከመደንገጉም በላይ፣ የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት የተፈናቃዮችንና የስደተኞችን መመለስና መልሶ መቋቋም እንዲያመቻች ግዴታ ያስገባል። «በፈቀደ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ለትርጉም ክፍት በመሆኑ ቀን የተቆረጠለት ግዴታ አይደለም፤ አፈጻጸሙ የሚዘገየውም በአብዛኛው በዚህ ነው።

የሰብዓዊ ዕርዳታው

መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ስለ ዕርዳታ ተደራሽነት ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል። መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ለሰብዓዊ ዕርዳታ ሲባል ተኩስ ማቆሙን አወጀ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የነበረው የዓለም ትኩረት በሰመራና በአብአላ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ የጎንደሩ መስመር ተዘግቶ ቆይቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተሽከርካሪዎች በጎንደር በኩል ማይ ጸብሪ የደረሱት ከፕሪቶሪያው ፊርማ በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ደባርቅ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል የመንገድ መጨረሻ ሆና ከቆየች በኋላ እንደገና መተላለፊያ ሆነች።

እፎይታው ግን ረጅም አልሆነም። ለተረጂዎች የተላከ እህል በስፋት ወደ ሌላ ወገን መዞሩ በመታወቁ፣ በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የዩናይትድ ስቴትስ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ሀገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቋረጡ። ጥፋቱ ያልተፈጸመበት ወረዳ ነዋሪም፣ ስደተኛውም፣ አብሮ ተቀጣ። ለስደተኞች የሚሰጠው ምግብ በ2016 ዓ.ም. ቀጠለ፤ ለሌሎች ተረጂዎች ሥርጭቱ ቀስ በቀስ ተመልሷል። በዚሁ መካከል በአማራ ክልል የተነሣው ሌላ ግጭት በዳባትና በደባርቅ የሚሠሩ ድርጅቶችን እንቅስቃሴ አስተጓጎለ።

ተፈናቃይና ስደተኛ

በዳባትና በደባርቅ ሁለት የተለያዩ የጦርነቱ ተጎጂዎች በአንድ ጎዳና ይገናኛሉ። አንደኞቹ ከአጎራባች ወረዳዎች የሸሹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሁለተኞቹ ቀድሞ በትግራይ ክልል ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን ናቸው፤ ሽመልባና ሕጻጽ የተባሉት ጣቢያዎች በጦርነቱ ከተዘጉ በኋላ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሐሩሽ የነበሩት በዳባት አቅራቢያ ወደተቋቋመው የአለምዋጭ ጣቢያ ተዛውረዋል። ችግራቸው ተመሳሳይ ቢሆንም የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ አይደለም።

ስደተኛው በዓለም አቀፉ የ1951 እ.ኤ.አ. እና በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የ1969 እ.ኤ.አ. ስምምነቶች፣ በሀገር ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይጠበቃል። ጉዳዩን የሚያየው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በመተባበር ነው።

የሀገር ድንበር ያልተሻገረው ተፈናቃይ በእነዚህ ሕጎች አይታይም። ለእርሱ የተዘጋጀው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ኮንቬንሽን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ስለሆነ፣ ተፈናቃዩ የሚጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን መብት ነው። ተቀዳሚ ኃላፊነቱም የመንግሥት እንጂ የዕርዳታ ድርጅቶች አይደለም።

በተግባር ብዙ ጥያቄ የሚነሣው በአንቀጽ 13 ላይ ነው። በሽሽት መታወቂያው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ወይም ሌላ የግል ሰነዱ የጠፋበት ሰው ምትክ እንዲያገኝ መንግሥት ማመቻቸት አለበት፤ ለዚህም «ወደ ነበርክበት ቦታ ተመልሰህ አምጣ» የሚል አግባብ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ሊጣልበት አይገባም። ደባርቅ የተጠለለ የበየዳ ገበሬ ሰነዱን ለመተካት ብቻ ወደ ቀበሌው እንዲመለስ ቢጠየቅ፣ ይህን አንቀጽ ጠቅሶ አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። በአንቀጽ 11 ደግሞ ወደ ቀዬ መመለስ፣ ባሉበት መቀላቀል ወይም ሌላ ቦታ መስፈር በተፈናቃዩ ነጻና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ምርጫ እንዲሆን ተደንግጓል። ዕርዳታውም እንደ አስፈላጊነቱ ተፈናቃይ ላስጠጋው ማኅበረሰብ ይደርሳል፤ ይህ ቤቱን ከፍቶ እህሉን ላካፈለ የደባርቅ ነዋሪ የተጻፈ ነው።

የምርመራ ሪፖርቶች

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢሮ የጋራ ሪፖርት ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ሪፖርቱ የሚሸፍነው እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ብቻ ስለሆነ የጭናን ግድያ አይጨምርም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በቆቦና በጭና የተፈጸሙትን ግድያዎች መርምሮ አካትቷል፤ መንግሥት ግን የኮሚሽኑን ሪፖርት አልተቀበለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በአንቀጽ 10 ተጠያቂነትን፣ እውነትን ማፈላለግንና ለተጎጂዎች ካሳን የሚያካትት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘጋጅ በማዘዙ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቋል።

በጦርነቱ ከቤተሰቡ የተለያየ ሰው፣ ተፈናቃይም ይሁን ስደተኛ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ በሚሰጡት የቤተሰብ ማፈላለግ አገልግሎት ያለ ክፍያ መጠቀም ይችላል። ጠያቂው የጠፋውን ሰው ሙሉ ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ስፍራና ጊዜ ያስመዘግባል። አድራሻው የሚገለጸው የተገኘው ሰው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።